የኒኬል ባትሪ ኃይሉን እንዴት ይሰጣል? እንዴትስ ያልቃል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ማታ መብራት ድንገት ሲጠፋ በየቤታችን መጀመሪያ የምንፈልገው ዕቃ የእጅ ባትሪ ነው። ይህ ዕቃ ለብዙ ዘመን አብሮን የኖረ ስለ ሆነ ጠባዩን የማያውቅ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። በውስጡ ያለው ተራ የባትሪ ድንጋይ ኃይሉ እየደከመ ሲሄድ አምፖሉም አብሮ ይደክማል፤ ነጭ የነበረው ብርሃን ቢጫ፥ ቢጫውም ቀላ ያለ ይሆናል። ባለቤቱም ይህን አይቶ፤ «ነገ አዲስ ድንጋይ መግዛት አለብኝ» ይላል። እንግዲህ ተራው ድንጋይ ከማለቁ በፊት ማለቁን ይናገራል ማለት ነው።

ከኒኬል የተሠራውና እየተሞላ ደጋግሞ የሚያገለግለው ባትሪ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ጊዜ ከተሞላ በኋላ ለሰዓታት ብርሃኑ ሳይለዋወጥ ይቆይና በመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ባንድ ጊዜ ይወድቃል። ይህን ካዩት ሰዎች አንዱ «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ ሌላው «አሮጌ ዕቃ ሸጡልኝ» ብሎ ባለሱቁን ይወቅሳል። ነገሩ ግን ከሁለቱም አይደለም። ባትሪው ያደረገው ተፈጥሮው ያዘዘውን ነው፤ የጎደለው በተጠቃሚው በኩል መያዝ የሚገባው ሒሳብ ነው።

ዛሬ ልናስረዳ ያሰብነውም ይህንኑ ነው። ጉዳዩ የእጅ ባትሪ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በድንጋይ የሚሠራ የደም ግፊት መለኪያ፥ በቢሮ ያለው ገመድ አልባ የጠረጴዛ ስልክ፥ ጢም መላጫው፥ በትልልቅ ሕንፃዎች ደረጃ ላይ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚበራው የአደጋ ጊዜ መብራት፤ እነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከኒኬል ባትሪ ነው። በእኩለ ሌሊት የሕመምተኛ ደም ግፊት ለሚለካ የጤና ባለሙያ መሣሪያው መቼ እንደሚያቆም ማወቅና አለማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ከየት የመጣ ነው?

የኒኬል ባትሪ አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. ቫልደማር ዩንግነር የተባለው የስዊድን ሰው የኒኬልንና የካድሚየምን ባትሪ ፈለሰፈ። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን በካድሚየም ፈንታ ብረትን ከኒኬል ጋር አጣምሮ ሌላ ባትሪ አወጣ። የኤዲሰን ባትሪ ከባድና በቅዝቃዜ ጊዜ ደካማ ቢሆንም፥ መመታትንና መረሳትን የሚችል ጠንካራ ስለ ነበረ በማዕድን ማውጫና በባቡር ላይ ብዙ አገልግሏል።

እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ክዳናቸው የሚከፈትና ውኃ የሚጨመርባቸው ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. ግን በውስጡ የሚፈጠረውን ጋዝ መልሶ ራሱ የሚውጥ፥ ፈጽሞ የታሸገ የኒኬልና የካድሚየም ባትሪ ለመሥራት ተቻለ። በኪስ የሚያዘው ትንሽ ባትሪ መንገዱ የተጠረገለት ከዚያ ወዲህ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በካድሚየም ቦታ ሃይድሮጅንን የሚይዝ የብረታ ብረት ቅይጥ የገባበት፥ የኒኬልና የሜታል ሃይድራይድ ባትሪ የሚባለው ለገበያ ቀረበ። በ1997 ዓ.ም. በጃፓን መሸጥ የጀመረችው ቶዮታ ፕሪየስ የተባለችው መኪና የነዳጅ ሞተሯን የሚያግዘውን ኤሌክትሪክ ያገኘችው ከዚህ ዓይነቱ ባትሪ ነበር።

የእጅ ስልክና የላፕቶፕ ባትሪዎች በዛሬው ጊዜ ከሊቲየም የሚሠሩ ስለ ሆኑ የእነርሱ ሕግ ሌላ ነው። በእጅዎ ያለው ድንጋይ የኒኬል መሆኑን ለማወቅ ከፈለጉ ልባሱን ያንብቡ፤ በተራው ድንጋይ ላይ 1.5 ቮልት ተብሎ ሲጻፍ በኒኬሉ ላይ የሚጻፈው 1.2 ቮልት ነው።

በውስጡ የሚሆነው ምንድን ነው?

በእያንዳንዱ ድንጋይ ውስጥ ሁለት ስስ ሰሌዳዎች በመካከላቸው ማለያያ ጨርቅ እየተደረገ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልለው ይገኛሉ። የመደመር ምልክት ካለበት ጫፍ ጋር የተያያዘው ሰሌዳ የኒኬል ውሁድ የተቀባ ነው፤ የመቀነስ ምልክት ካለበት ጋር የተያያዘው ደግሞ ካድሚየም ወይም ሃይድሮጅን ያዘለ ቅይጥ አለበት። ጨርቁም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በሚባል ቆዳን በሚያቃጥል ፈሳሽ የራሰ ነው።

መብራቱን ሲያበሩ ካድሚየሙ ወይም ሃይድሮጅኑ ኤሌክትሮኖቹን ይለቃል፤ እነርሱም በሽቦው በኩል ወጥተው፥ አምፖሉን አብርተው፥ በሌላው ጫፍ ወደ ኒኬሉ ይገባሉ። ኒኬሉም እነርሱን ተቀብሎ ወደ ሌላ ውሁድ ይለወጣል። ባትሪውን ስንሞላ፥ በተለምዶ ቻርጅ ስናደርግ፥ ይኸው ሥራ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ባትሪ አለቀ ማለት በውስጡ ያለው ነገር ጠፋ ማለት ሳይሆን፥ ሊለወጥ የሚችለው ሁሉ ተለወጠ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ባትሪው ኃይል በሰጠ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት መካኒኩ የአሲዱን ውፍረት በመለኪያ አይቶ ባትሪው ምን ያህል እንደ ቀረው ለመናገር ይችላል። የኒኬል ባትሪ ፈሳሽ ግን ዋና ሥራው በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል መልእክተኛ መሆን ነው፤ ውፍረቱ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ፈሳሹን በመመርመር የቀረውን ኃይል ለማወቅ አይቻልም። ባትሪው ያለውን የሚደብቅበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው።

ሜዳውና ገደሉ

ሁለተኛው ምክንያት የቮልቱ አወራረድ ነው። ቮልት ማለት ኤሌክትሪኩን በሽቦው ውስጥ የሚገፋው ግፊት ነው፤ ውኃን ከከፍተኛ ቦታ ወደ ዝቅተኛ ቦታ እንደሚገፋው ከፍታ ያለ ነው።

ተራውን የአልካላይን ድንጋይ ብንመለከት፥ አዲስ ሳለ 1.5 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ሥራ ከጀመረ ጀምሮ ግን እንደ ተዳፋት መንገድ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ግማሹን ኃይል በሰጠበት ጊዜ 1.2 ቮልት አካባቢ ይደርሳል፤ ከዚያም እየወረደ እስከ 0.9 ቮልት ይዘልቃል።

የኒኬሉ መንገድ ሌላ ነው። ገና ከተሞላ 1.4 ቮልት ያህል ያሳያል። ኃይል መስጠት እንደ ጀመረ ይህ ትርፍ ቶሎ ይረግፍና 1.25 ወይም 1.2 ቮልት ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ እጅግ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ከያዘው ኃይል አብዛኛውን የሚሰጠው በዚህ ሜዳ ላይ ሆኖ ነው። በመጨረሻ ሊለወጥ የሚችለው ነገር ሲያልቅ ወደ 1.1፥ ከዚያም ወደ 1.0 ቮልት ይወርዳል፤ ከ1.0 በታች ያለው ግን ገደል ነው።

ብዙ ሰዎች «1.2 ከ1.5 ያንሳልና የኒኬሉ ድንጋይ ደካማ ነው» ይላሉ። ይህ ስሕተት መሆኑን ከላይ የተገለጸው ያስረዳል። ተራው ድንጋይ 1.5 ቮልት የሚሆነው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ የዕድሜውን ሁለተኛ አጋማሽ የሚያሳልፈው ከ1.2 በታች ነው። በተራ ድንጋይ እንዲሠራ በደንብ የታሰበ መሣሪያም በ1.2 ቮልት መሥራት ይኖርበታል፤ አለዚያ የተራውን ድንጋይ ግማሽ ኃይል ሳይጠቀምበት ሊጥለው ነው።

ዳሩ ግን ከዚህ ሜዳ የተነሣ አንድ አሳሳች ነገር ይመጣል። በብዙ መሣሪያዎች ላይ የባትሪውን መጠን የሚያሳይ ትንሽ ሥዕል አለ። ይህ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ቮልቱን ብቻ ነው፤ የተስተካከለውም ለተራው ድንጋይ ነው። እንግዲህ 4 የኒኬል ድንጋዮች የገቡበትን የደም ግፊት መለኪያ እናስብ። ተራዎቹ አዲስ ሳሉ አራቱ በአንድነት 6 ቮልት ይሰጣሉ፤ የኒኬሎቹ ግን በሜዳው ላይ ሳሉ 4.8 ቮልት ናቸው። መሣሪያው ይህን አይቶ ገና ከጅምሩ «ግማሽ ቀርቷል» ሊል ይችላል፤ እውነቱን ለማለት ግን ባትሪው ሙሉ ነው። ከብዙ ሰዓት በኋላም ያው «ግማሽ ቀርቷል» ይላል፤ በዚያን ጊዜ ግን የቀረው ምናልባት የጥቂት ደቂቃ ኃይል ነው። ሥዕሉ መጀመሪያም መጨረሻም አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን ነው የመለሰው።

ስንት ሰዓት ይቆያል?

ቮልቱ የማይናገር ከሆነ ምን ይናገራል? መልሱ በልባሱ ላይ የተጻፈው ሌላው ቁጥር ነው። ለምሳሌ 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ቢጻፍበት፥ ይህ የድንጋዩ ጎተራ ስፋት ነው። ይህን መጠን ለመለካት የታወቀ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። ይኸውም ሙሉውን ባትሪ ከያዘው ኃይል አንድ አምስተኛውን በየሰዓቱ እንዲሰጥ አድርጎ፥ 1.0 ቮልት እስኪደርስ ድረስ ሰዓቱን መቁጠር ነው። 2000 የተባለው ድንጋይ እንግዲህ 400 ሚሊአምፔር ቢወሰድበት 5 ሰዓት መቆየት አለበት ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡ የሕፃን ሒሳብ ነው። መብራትዎ 500 ሚሊአምፔር የሚወስድ ከሆነ 2000ን ለ500 ሲያካፍሉት 4 ሰዓት ያህል ያገኛሉ። 200 የሚወስድ ከሆነ 10 ሰዓት ያህል ነው። አወሳሰዱ እጅግ ፈጣን ሲሆን ግን ቁጥሩ ጥቂት ይቀንሳል፤ 2000 ሚሊአምፔር በአንድ ጊዜ ቢወሰድ ሙሉ 1 ሰዓት ሳይሞላ ገደሉ ይደርሳል። ያረጀ ድንጋይም ከተጻፈበት ያነሰ ይዛል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው ከሒሳቡ ላይ ጥቂት ቀንሶ ያስባል።

በፈጣን አወሳሰድ ላይ የኒኬል ድንጋይ ከተራው እጅግ ይበልጣል። ምክንያቱም በውስጡ ለኤሌክትሪኩ ያለው እንቅፋት ትንሽ ነው። መካከለኛ መጠን ባለው ጤናማ የኒኬል ድንጋይ ውስጥ ይህ እንቅፋት 0.03 ኦም ያህል ነው፤ በአልካላይኑ ውስጥ ግን 0.2 ኦም ገደማ ሊደርስ ይችላል። አሁን 2 አምፔር የሚወስድ መሣሪያ እንክፈት። በኒኬሉ ውስጥ በመንገድ የሚቀረው 0.06 ቮልት ብቻ ነው፤ በአልካላይኑ ግን 0.4 ቮልት ይቀራል። እንዲህ ባለው ከባድ ሥራ ላይ 1.5 ቮልት የተባለው ድንጋይ 1.2 ከተባለው በታች የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው መልካም ጠባይ ግን አደጋም አለበት። እንቅፋቱ ትንሽ ስለ ሆነ፥ የድንጋዩ ሁለት ጫፎች በብረት ቢገናኙ የሚወጣው ፍሰት እጅግ ብዙ ነው። 1.2 ቮልትን ለ0.03 ኦም ብናካፍል 40 አምፔር ይመጣል። በእውነት የሚወጣው ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ ቢሆንም ቁልፍን አግሎ ልብስ ለማቃጠል ይበቃል። ስለዚህ የተሞላ ድንጋይ ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ መያዝ ፈጽሞ የማይገባ ነው።

ደካማው በጠንካሮቹ መካከል

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፥ ድንጋዮች በተርታ ሲሰለፉ ቮልታቸው ይደመራል። ነገር ግን በዚህ ሰልፍ ውስጥ ከመካከላቸው አንዱ የደከመ እንደ ሆነ ማኅበሩ ለእርሱ ረዳት ሳይሆን አጥፊ ይሆንበታል። ነገሩ እንዲህ ነው።

በአንድ መብራት ውስጥ 3 ድንጋዮች አሉ እንበል። ሁለቱ 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛሉ፤ ሦስተኛው አርጅቶ 1600 ብቻ ይይዛል። መብራቱም 400 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ከ4 ሰዓት በኋላ ደካማው ባዶ ይሆናል፤ ሁለቱ ግን ገና የ1 ሰዓት ኃይል አላቸው። መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ስለሚቀጥል ባለቤቱ አያጠፋውም። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ጠንካሮች ፍሰታቸውን ባዶ በሆነው ድንጋይ ውስጥ በግድ ያሳልፋሉ። የባዶውም ምልክት ይገለበጣል፤ የመደመር የነበረው የመቀነስ፥ የመቀነስ የነበረው የመደመር ይሆናል። የሚለወጥ ነገር ስላላገኘ በውስጡ ያለው ውኃ መበታተን ይጀምራል፤ የሃይድሮጅን ጋዝም ይፈጠራል። ጋዙ ሲበዛ ድንጋዩ እንዳይፈነዳ የተሠራለት ትንሽ መተንፈሻ ይከፈትና ጋዙም ፈሳሹም ይወጣል። በድንጋይ ጫፍ ላይ አንዳንድ ጊዜ የምናየው ነጭ ዱቄት የዚህ ፈሳሽ ቅሪት ነው።

ፈሳሹ የቀነሰበት ድንጋይ በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ቀድሞ ያልቃል፤ ቀድሞ ባለቀ ቁጥር የበለጠ ይጎዳል። በዚህ ዓይነት አንድ ደካማ ድንጋይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሞታል፤ ባለቤቱም ሦስቱንም አውጥቶ ይጥላል። ይህን ለመከላከል ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው አሮጌና አዲስ፥ ትልቅና ትንሽ መጠን ያላቸውን ድንጋዮች አለመቀላቀል ነው። ሁለተኛው መብራቱ መደብዘዝ እንደ ጀመረ ወዲያው ማጥፋት ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው። መለኪያ ላለው ሰው ድንበሩ ለእያንዳንዱ ድንጋይ 1.0 ቮልት ነው፤ 4 ድንጋይ ከሆነ 4 ቮልት ላይ ማቆም ነው።

ስለ «ትዝታው» የሚነገረው

በሰዎች ዘንድ አንድ የታወቀ ምክር አለ። «የኒኬል ባትሪ የለመደውን ያስታውሳልና ፈጽሞ ሳያልቅ አትሙላው» ይባላል። በዚህም ምክር መሠረት መብራቱን በርቶ እንዲያድር የሚተዉ አሉ። ከላይ ስለ ደካማው ድንጋይ የተናገርነውን ያስተዋለ አንባቢ ይህ ምን ያህል ጎጂ እንደ ሆነ አሁን ይገባዋል።

ምክሩ ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። በተለይ የካድሚየሙ ባትሪ ሁልጊዜ ጥቂት ኃይል ብቻ እየተወሰደበት ወዲያው የሚሞላ ከሆነ፥ ወይም ከመጠን በላይ በቻርጀር ላይ የሚቆይ ከሆነ፥ በሰሌዳው ላይ ያሉት የካድሚየም ቅንጣቶች እየገዘፉ ይሄዳሉ፤ ቮልቱም በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ኃይሉ በጎተራው ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ቮልቱ ዝቅ ስላለ መሣሪያው «አለቀ» ብሎ ያቆማል። መድኃኒቱም ቀላል ነው። በወራት ውስጥ አንድ ጊዜ፥ ችግሩ ሲታይ፥ ባትሪውን እስከ 1.0 ቮልት ድረስ አውርዶ መልሶ መሙላት ነው። በሜታል ሃይድራይዱ ላይ ይህ ችግር በጣም ያነሰ ነው። በየቀኑ ባዶ ማድረግ ግን ለሁለቱም ዕድሜ ማሳጠር ነው፤ ባትሪ ከጎተራው ጥቂት ጥቂት ሲወሰድበት ብዙ ዓመት፥ ሁልጊዜ እስከ ታች ሲጠረግ ጥቂት ዓመት ያገለግላልና።

እንደዚሁም ከተራው ድንጋይ የወረስነው ሌላ ልማድ አለ። ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም በጥርስ መንከስ የተለመደ ነው። ተራው ድንጋይ ሲሞቅ ጥቂት ብርታት ማግኘቱ እውነት ነው። የኒኬሉን ማስጣት ግን ያለውን ኃይል በውስጡ ቶሎ ማፍሰስ፥ መንከስም ማሸጊያውን መጉዳት ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረት የተባለው ለዚህ ይመስላል። ያለቀው ድንጋይ ጥቂት ሲያርፍ ቮልቱ ወደ 1.2 ተመልሶ መብራቱን ለቅጽበት ቢያበራም፥ ኃይል አገኘ ማለት አይደለም፤ ይህም ሌላው የሚያታልልበት መንገድ ነው።

ሳይሠራም ያልቃል

የኒኬል ባትሪ ሥራ ሳይሠራ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦም ኃይሉን ያጣል። የቀድሞው ዓይነት ሜታል ሃይድራይድ በአንድ ወር ውስጥ ከያዘው ከ20 እስከ 30 ከመቶ ሊያጣ ይችላል፤ የካድሚየሙ ከዚህ ያነሰ ያጣል። ሙቀት ሲጨምር ብክነቱ ይጨምራል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ድንጋይ በቤት ውስጥ ከተቀመጠው እጅግ ፈጥኖ ይራቆታል። በ2005 ዓ.ም. ሳንዮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ይህን ብክነት በብዙ የቀነሰ አዲስ ዓይነት አወጣ፤ እንዲህ ያሉት ድንጋዮች ከአንድ ዓመት በኋላም ከያዙት አብዛኛውን እንደ ያዙ ይገኛሉ። ብርድን በመቻል ግን የካድሚየሙ ባትሪ ይበልጣል፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይም ስለሚሠራ በብዙ አውሮፕላኖች ውስጥ ሲያገለግል ኖሯል።

እንግዲህ ከስድስት ወር በፊት ተሞልቶ በመሳቢያ የተቀመጠ ተራ የሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀ ነው ብሎ መተማመን፥ ወጪው ያልተመዘገበበትን የሣጥን ገንዘብ አለ ብሎ እንደ መተማመን ነው።

በሰማይ ላይ የተያዘው ሒሳብ

የባትሪን ሒሳብ በትክክል መያዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማሳየት አንድ ታላቅ ምሳሌ እንጥቀስ። ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በሚያዝያ 1990 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ወደ ሰማይ ወጣ። ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ከዚህም ውስጥ ከግማሽ ሰዓት የሚበልጠውን በምድር ጥላ ውስጥ ያሳልፋል። በጥላ ውስጥ ሳለ ፀሐይ ስለማያገኝ የሚኖረው በባትሪ ነው። የተሰጡትም 6 የኒኬልና የሃይድሮጅን ባትሪዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱም 22 ሴሎች በተርታ የተሰለፉበት ነው።

በዚህ ዓይነቱ ባትሪ ውስጥ ሃይድሮጅኑ የሚቀመጠው ጋዝ ሆኖ ስለ ሆነ፥ ባትሪው ኃይል በሰጠ ቁጥር የጋዙ ግፊት ይቀንሳል፤ ሲሞላም ይጨምራል። ስለዚህ ቮልቱ የሚደብቀውን ግፊቱ ይናገራል። በምድር ያሉት ተቆጣጣሪዎች ይህን እየተመለከቱ፥ ባትሪዎቹ በእያንዳንዱ ዙር ከያዙት ጥቂቱን ብቻ እንዲሰጡ እየጠነቀቁ አሠሯቸው። በቀን 15 ጊዜ ያህል ጥላ ውስጥ የሚገባውን ቴሌስኮፕ ከ18 ዓመት በላይ አገለገሉ፤ ይህም ወደ 100,000 ጊዜ የሚጠጋ መስጠትና መሞላት ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. አትላንቲስ በተባለችው መንኩራኩር የሄዱ ጠፈርተኞች በአዲስ ለወጧቸው። በየቤታችን ያለው የኒኬል ድንጋይ ግን ብዙውን ጊዜ ዕድሜው የሚቆጠረው በመቶዎች በሚቆጠር ሙሌት ነው። የሀብሎቹ በሥራቸው ጥራት መብለጣቸው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜ ከሰጧቸው ነገሮች ታላቁ ልክን አውቆ መውሰድ ነበር።

ምን እናድርግ?

በእኛ ድንጋይ ላይ የግፊት መለኪያ የለም። በእርሱ ፈንታ የሚሆነን እስክሪብቶና ጥቂት ጥንቃቄ ነው። አብረው የተገዙትን ድንጋዮች አብረው እንዲሠሩና አብረው እንዲሞሉ አንድ ዓይነት ምልክት ያድርጉባቸው፤ በላያቸውም የተገዙበትን ወርና ዓመተ ምሕረት ይጻፉ። መሣሪያው በሙሉ ድንጋይ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አንድ ጊዜ በሰዓት ይለኩና ይመዝግቡ፤ ከዚያ በኋላ ከሥዕሉ ይልቅ ይህን መዝገብ ይመኑ። የሥራው ጉዳይ ከባድ ከሆነ፥ እንደ ደም ግፊት መለኪያ ያለ ከሆነ፥ የተሞላ ሁለተኛ ተርታ በአጠገብ ይኑር፤ በየወሩም አንድ ጊዜ ይሞላ። የሚሠራበት ሰዓት ከመጀመሪያው በብዙ ያነሰ እንደ ሆነ፥ ከተርታው ውስጥ ደካማውን ለይተው ያውጡ።

ያረጀውን የካድሚየም ባትሪ ግን ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣሉት፤ ከቶውንም አያቃጥሉት። ካድሚየም ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ በትንንሽ ተንቀሳቃሽ ባትሪዎች ውስጥ ካድሚየም እንዳይገባ፥ ጥቂቶች ለጊዜው ሲቀሩ፥ የከለከለው ስለዚህ ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ዓይነት ሰው እንዳለ ሳታስተውሉ አትቀሩም። አንዱ ገና ሥራ ሲጀምር ድካሙን ይናገራል። ሌላው እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ በእኩል ትጋት ይሠራና ደከመኝ ሳይል ይወድቃል። የኒኬል ባትሪ ከሁለተኛው ወገን ነው። እንዲህ ያለው ሠራተኛ የሚያስፈልገው ልኩን የሚያውቅለት አለቃ ነው። ባትሪው ራሱ አይናገርምና፥ ሒሳቡን የመያዝ ኃላፊነት በእኛ በተጠቃሚዎቹ ላይ የወደቀ ነው።